የግራ እጅ ቋጠሮ

ሽማግሌዎቹ ለፀደይ ጋብቻ ዘር ሊቆጥሩ ሲሰበሰቡ አመሉን «ነይ ተቀመጪ» ያላት ሰው የለም። ልጅቷ የልጇ ልጅ ናት፣ ቤቱ ቤቷ ነው፣ ሰዎቹ ተንፈላሰው የተቀመጡበትን መደብ የመረገችው በእጇ ነው። አያ እንግዳው ግን በመቋሚያው ወደ ጓዳ አመለከታትና፣ «አመሉ፣ አንቺ ጠላውን እየቀዳሽ ላኪልን፤ ይህ የሽማግሌ ነገር ነው» አላት።

የሽማግሌ ነገር! እሷ ታዲያ ጉብል ናት? ከአያ እንግዳው ጋር የአንድ ክረምት ልጆች ናቸው። ደግሞ ይኸ ሰው የእናቱን ወገን ከአያቱ በላይ ያወቀው አመሉ ስለነገረችው ነው። ፎገራ ሜዳ ላይ ልጁን ሊድር ያሰበ ሁሉ ቀድሞ የሚመጣው እሷ ዘንድ ነበር። ዐይኗን ጨፍና ወደ ላይ ትቆጥራለች፤ በእናትም በአባትም ሰባት ቤት ትወጣለች። «ይጋቡ» ካለች ይጋባሉ። «ተዉት፣ ደም አለው» ካለች የተጠመቀው ጠላ ለማኅበር ይሆናል። ፊደል አልቆጠረችም፤ ሰው ግን ቆጥራለች፤ እስከ ዛሬም አንድ ስም አልጠፋባትም።

የገዛ ልጅ ልጇ ስትሆን ጊዜ ግን ጓዳ። እሺ፣ ገባች። መጋረጃውን ግን አልጣለችውም፤ ጆሮዋንም ይዛ አልገባችም።

አግቢው ሕዝቅኤል የሚባል የወረታ አስተማሪ ነው። ትውልዱ አዳማ፣ የሚያስተምረው ባዮሎጂ። ፀደይ እዚያው ከተማ፣ የደብረ ታቦርና የጎንደር መንገድ ከሚገናኝበት አጠገብ፣ ልብስ ስፌት ቤት ትሠራለችና ሱሪ ሊያሳጥር ገብቶ ነው የተያዘው። ከዚያ ወዲህ ያ ሱሪ ስንት ጊዜ እንዳጠረ እግዜር ይወቀው። ዛሬ ዘሩን ሊያስቆጥር ጫማውን ወልውሎ መጥቶ እንደ ተማሪ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል።

«እስቲ ቁጠር ልጄ» አለው አያ እንግዳው።

«ሕዝቅኤል አለምነህ መባ» አለና ቆመ።

«ቀጥላ!»

«ከዚያ በላይ አላውቅም አባባ።»

መደቡ ላይ የተቀመጡት ሁሉ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሦስት ስም! የፎገራ እረኛ እንኳ የላሙን ዘር ከዚያ አርቆ ይቆጥራል።

«አገሩስ? ይኸ መባ ያልከው ሰው?»

«አዋሽ፣ ጥጥ እርሻ ላይ ይሠራ ነበር ይባላል። ከየት እንደ ሄደ አላውቅም። ሳልወለድ ነው የሞተው፤ አባቴንም ጠይቄው አላውቅም።» ልጁን ላብ አጠመቀው። ሳቅ ለማለት ሞከረ። «ግን አባቶቼ፣ ርቀን ከቆጠርን ሁላችንም የአንድ ቤት ልጆች ነን። የዓለም ሕዝብ ሁሉ፣ ነጩም ጥቁሩም፣ በእናት በእናቱ ወደ ላይ ቢቆጠር እዚሁ እኛ አህጉር ወደ ነበረች አንዲት እናት ይደርሳል ይላሉ የዘር ተመራማሪዎች።»

«እንግዲያ እህትህን ልታገባ ነዋ የመጣኸው!» አለች አመሉ ከጓዳ።

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ፀደይ ከእናቷ ከማናዬ ትከሻ ኋላ ተደበቀች።

«አመሉ!» አለ አያ እንግዳው።

«ምን አመሉ ትለኛለህ? እሱ ነው ያለው።»

ሕዝቅኤል አልከፋውም። እንዲያውም ወደ መጋረጃው ዞረ። «ክርክር አለበት እማማ። አንዱ ወገን፣ ሰው ሰው ሆኖ ያለቀው እዚሁ ነው፤ ከዚህ ወጥቶ ተበተነ፣ በየአገሩ ያገኛቸውን የቀደሙ ሰው መሰል ፍጥረታት ተክቶ ቀረ ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ፣ የለም፣ እጅግ ቀደም ብለው የተበተኑት ናቸው በየሄዱበት እየተዋለዱ አብረው ወደ ሰውነት የደረሱት ይላል። አሁን ደግሞ፣ ሰው ከዚህ መውጣቱስ ወጥቷል፣ ግን መንገድ ላይ ካገኛቸው ጋር ጥቂት ተዋልዷል ብለው የሚያስማሙ መጡ።»

«አዳም ነው» አለ አያ እንግዳው መቋሚያውን መሬት ላይ መታ አድርጎ። «ሁሉም የአዳም ልጅ ነው። አለቀ።»

«ለዚህም አይደል ሰባት ላይ ቁሙ የተባለው» አለች አመሉ። «እስከ አዳም ቢቆጠርማ ማን ማንን ያገባል? ምንኩስና ነው።»

ሕዝቅኤል «ልክ ነዎት» አለ፣ ቀስ ብሎ፣ ለራሱ እንደሚነግር። አመሉ በዚች ቃል ወደደችው። ልትነግረው ግን አላሰበችም፤ ገና ልጅ ነው፣ ይጠግባል።

አያ እንግዳው ጉዳዩን ቆረጠው። አዳማ ወዲያ ማዶ፣ ፎገራ ወዲህ ማዶ፤ ባዳ ነው፤ ምን ይቆጠራል? ይጋቡ፤ ሰርጉ ጥር ይሁን። መረቁ፤ ጠላው ዞረ።

ጨዋታው ሞቅ ሲል ከደጅ ጩኸት ተሰማ። የላሟ የቡሬ ጥጃ ማሰሪያዋን አውልቃ ሩዙ ውስጥ ልትገባ ነው። ጥቅምት ነበር፤ ሩዙ ዘለላውን አውጥቶ ራሱን መድፋት ጀምሯል፣ ከሥሩ ያለው ውሃም ገና አልሸሸም። ማናዬ ከመነሣቷ በፊት ሕዝቅኤል በዚያ በተወለወለ ጫማው ጭቃ ውስጥ ገብቶ ነበር። ጥጃዋን አንገቷን አቅፎ እየጎተተ፣ እሷም እየረገጠችው፣ በረቱ አፍ ላይ ካለው ችካል አደረሳት።

አመሉ በሩ ላይ ቆማ ታያለች። ሌላው ሰው ሁሉ የሚስቀው በጫማው ነው። እሷ የምታየው እጁን ነው።

ቀኝ እጁ ጥጃዋን እንደያዘ ነው። በግራው ገመዱን ችካሉ ላይ አዞረ፣ በአውራ ጣቱ ሥር ቀለበት አበጀ፣ ጫፉን አጥፎ አሾለከ፣ ጎንበስ ብሎም በጥርሱ ነከሰና አንድ ጊዜ ሳበው። አለቀ። ጥጃዋ ጎተተች፤ ቋጠሮው ጠበቀ።

አመሉ የበሩን መቃን ያዘች።

አባቷ አስማረ ቀኝ እጁን ኮርማ ሰብሮበት፣ ወጌሻ ቢያሸው ቢያሸው አልድን ብሎት፣ እጁ ደርቆ ጎኑ ላይ ቀረ። ከብት የሚያረባ ሰው ደግሞ፣ ያውም እዚህ ሜዳ ላይ፣ ክረምት ውሃው ሲመጣ ከብቱን ቶሎ ፈቶ ወደ ደረቁ መንዳት አለበት፤ ሁለት እጅ የሚፈልግ ቋጠሮ ምን ይረባዋል? ስለዚህ የራሱን አበጀ፤ በግራ እጅና በጥርስ የሚታሰር። ከብት ቢጎትተው ይጠብቃል፤ ሰው ጭራውን ቢነካው እንደ ቅቤ ይቀልጣል። ልጆቹ እሷና ወንድሟ አያልነህ ነበሩ። ሁለት ሁለት ደህና እጅ እያላቸው፣ ያዩት እሱን ነውና እንደ እሱ ማሰር ለመዱ። ሰፈሩ «የአስማረ ልጆች ገመድ ይበላሉ» እያለ ይስቅባቸው ነበር። ሌላ የለመደው ሰው የለም። ሁለት እጅ ያለው ሰው ምን ሲል?

አያልነህ ጢሙ ሳይበቅል አዋሽ ወረደ። ያኔ አገሬው ሁሉ ጥጥ ለቀማ ይሄድ ነበር። «አንድ በጋ ሠርቼ፣ ላም ገዝቼ እመጣለሁ» አለ። ሄደ፤ ያው ሄደ። እናታቸው መንገድ መንገድ እያየች ዐይኗ ጠፍቶ ሞተች።

አመሉ ሽማግሌዎቹ እስኪበተኑ ድረስ ጠበቀች። ከዚያ ልጁን በበረቱ አጥር ዘንድ ያዘችው። ካልሲውን እየጨመቀ ነበር።

«ይህን ማሰር ማን አስተማረህ?»

«አባቴ ነው እማማ። እኛ ቤት ሁሉም ነገር እንዲህ ነው የሚታሰረው፤ የበዓል በግ ቢሆን፣ ሻንጣ ቢሆን። ጓደኞቼ ግራኝ ይሉኛል፤ ግራኝ አይደለሁምኮ።»

«አባትህንስ ማን?»

«አያቴ ይመስለኛል። መባ።»

አመሉ ከእጁ ላይ ዐይኗን አላነሣችም። ልጁ ግራ ገብቶት ተሰናብቷት በባጃጅ ወደ ወረታ ሄደ፤ እሷ አጥሩን ይዛ ቀረች።

መባ የሚባል ሰው። አዋሽ የወረደ። አገሩ ለልጅ ልጁ ያልተነገረ። አገር ቤት የተሰጠውን ስም ጥሎ ሌላ ስም ያወጣ ሰው ስንት አለ! አያልነህ ስሙን ለውጦ ቢሆንስ? አግብቶ፣ ወልዶ፣ የልጁ ልጅ መንገዱን ሳያውቀው ወደ በረቱ ተመልሶ መጥቶ ቢሆንስ? እንዲያ ከሆነ ፀደይና ይህ ልጅ የሚገናኙት በሰባተኛ ቤት አይደለም፤ በሦስተኛው ነው፤ ፀደይ፣ ማናዬ፣ አመሉ፣ ከዚያ አስማረ። የወንድምና የእህት የልጅ ልጆች። እንኳን ጋብቻ፣ ሲተያዩ ማፈር አለባቸው።

በማግስቱ ለፀደይና ለማናዬ ነገረቻቸው። ማሳመር አታውቅም፤ እንዳለ ነገረቻቸው።

ፀደይ መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ የአያቷን ፊት አየች። «እምዬ፣ ገመድ ስላሰረ?»

«ገመድ አይደለም። የአባቴ እጅ ነው።»

«ሽማግሌዎቹኮ ጨርሰዋል!»

«ሽማግሌዎቹ እኔን አልጠየቁም።»

«ይኸዋ!» አለች ፀደይ፣ እንባዋ መጣ። «ስላልጠየቁዎት ነው። አያ እንግዳው ጓዳ ግቢ ስላለዎት ቂም ይዘው ነው የእኔን ቤት የሚያፈርሱት!»

አመሉ ወደ ማናዬ ዞረች። የወለደቻት ልጅ አንገቷን ደፍታ፣ «እናቴ፣ እስቲ ተይው» አለች። በዚህ ድምፅ ደግሞ አመሉ አወቀች፤ እሷም እንደዚያው መስሏታል። የቂመኛ አሮጊት ነገር።

«ሂዱ» አለቻቸው። «ሂዱልኝ ሁለታችሁም። እኔ በሕይወቴ ዘመድ ያልሆነውን ዘመድ ነው ብዬ አላውቅም፤ ዘመድ የሆነውንም አይደለም ብዬ አላውቅም። ለመደብ ብዬ አልዋሽም።»

ፀደይ ምሳዋን ሳትበላ ወደ ከተማ ሄደች። ለሕዝቅኤል ነግራዋለች ማለት ነው፤ ምክንያቱም ከሰዓት በኋላ፣ ተማሪ እንደተለቀቀ፣ ልጁ መጣ። ፀደይ ከኋላ ራቅ ብላ እየተከተለች የሰው ደጅ የደረሰች ይመስል ከአጥሩ ውጭ ቆመች።

አመሉ ጠብ ጠብቃ ነበር። ልጁ ግን መሬት ላይ፣ እግሯ አጠገብ፣ እንጨት ስቦ ተቀመጠ። «እማማ፣ እስቲ እንደገና ያሳዩኝ» አለና ገመድ ሰጣት።

አሳየችው። ጣቷ ቆልመም ብሏል፣ ጥርሷም አንድ ሁለቱ ሄዷል፤ ቋጠሮው ግን ያው ነው። እሱም አሰረ። ሁለቱን ቋጠሮ ጎን ለጎን አስቀመጡና አዩት። የአንድ ሰው ሥራ ይመስላል።

ልጁ ረዥም ትንፋሽ ተነፈሰ። «ፀደይ ተቀይመው ነው ብላኝ ነበር። አይደለም።»

«አይደለም» አለች አመሉ። በዚህ ሁለት ቀን ውስጥ ያመናት ሰው እሱ የመጀመሪያው ነው፤ የሚጎዳውም እሱው ነው። «ትናንት ያልከውን አስቤው ነበር። አንዱ ወገን ካንድ ቦታ ወጥቶ ተበተነ ይላል አልክ። አንተ ለየትኛው ታደላለህ?»

«ለእሱ። ጥቂት መቀላቀል ያለበት ሆኖ።»

«እኔም ለእሱ ነኝ። ይህ ቋጠሮ ከአንድ ሰው እጅ ወጣ፤ ኮርማው የአባቴን እጅ ባይሰብር አይኖርም ነበር። አያልነህ ይዞት አዋሽ ወረደ። አንተ ይዘኸው ከአዋሽ መጣህ። ሌላ ምን ይሆናል? ንገረኝ። ሌላ ቢሆን እኔም ደስ ይለኛል።»

«ሌላማ ሊሆን ይችላል። አንድ እጅ ያለው ከብት ጠባቂ በዓለም የእርስዎ አባት ብቻ አይደሉም። ችግሩ አንድ ከሆነ መላውም አንድ ሊሆን ይችላል፤ ሳይተዋወቁ።»

«በጥርሱም ጭምር?»

«በምን ይያዘው ታዲያ?»

አመሉ ሳቋ ሊያመልጣት ነበር፤ ዋጠችው።

«ደግሞ ሌላ አለ» አለ ልጁ፣ አሁን ነገሩ ውስጥ ገብቷል፣ እጁን እንደ ክፍል ውስጥ ያወዛውዛል። «አዋሽ ዳር ቁፋሮ አለ፤ እጅግ የቆየ የሰው አፅም ይወጣል፣ የድንጋይ ቢላም ይወጣል። በሁለት አገር አንድ ዓይነት የድንጋይ ቢላ ቢገኝ ሠሪዎቹ ወንድማማች ናቸው አይባልም። ሥራ ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል። ሰው ሳይዋለድ ይማማራል። ይኸ ሩዝ ይኸውና! እርስዎ ልጅ ሳሉ ነበር?»

«የት አባቱ! ጤፍና ጓያ ነበር። ከዚያ ሜዳው ሁሉ ሩዝ ሆነ።»

«ታዲያ ሩዝ ስትዘሩ የሩዝ አገር ሰዎች ዘር ሆናችሁ?»

አመሉ ሜዳውን አየችው። እስከ ጣና ድረስ የተነጠፈ አረንጓዴ፤ መካከሉ ላይ ቡራቡሬ ከብት። ነገሩ አልተዋጠላትም፤ ግን የሚተፋም አልሆነ።

«አፍህን ታውቅበታለህ» አለችው። «ግን እንዲህ የምትሟገተው ሚስትህን ላለማጣት ነው።»

«አዎ» አለ። ገመዱን እያፍተለተለ፣ «እርስዎም ወንድምዎን ለማግኘት ነው» አለ።

በክፋት አላለውም። አመሉን ያስደነገጣት ይኸው ነው፤ በክፋት ቢለው መልስ ነበራት። እውነት መሆኑን ያወቀችው ከአፉ ስትሰማው ነው። ከትናንት ጀምሮ የዚህን ልጅ ፊት በሐሳቧ ስትበረብር፣ የአያልነህን ግንባር፣ የአያልነህን አገጭ ስትፈልግ ነበር የቆየችው። ጆሮው የእሱ ነው ብላለች። ቋጠሮውን ከማየቷ በፊት ሌላ ሰው ቢጠይቃት ጆሮውን እንኳ አላየችውም ነበር። ፀደይ ታልቅስ፣ ሰርጉ ይፍረስ፣ ብቻ ወንድሜ ዘር ትቶ ይሁን ብላ በልቧ ለምናለች። የልጅ ልጇን በሟች ለውጣለች።

«እኔኮ አያቴ ቢሆኑ ደስ ይለኛል» አለ ልጁ። «በዚህ በኩል ግን አይደለም፤ በፀደይ በኩል ነው።»

አመሉ በነጠላዋ ጫፍ አፍንጫዋን አበሰች። «ማነሽ አንቺ ከአጥር ኋላ የቆምሽው! ግቢ። እንደ ጅብ አታድብቢ።» ፀደይ ገባች፤ ዐይኗ አብጧል። አመሉ እጇን ይዛ አጠገቧ አስቀመጠቻት፤ የልጅቷ እጅ ቀዝቅዟል። በሁለት እጇ መሃል ያዘችው። «በይ አልቅሰሽ ከጨረስሽ ዝም በይ። እንጠይቃለን። አንተ፣ አባትህ ጋ ደውል።»

ስልኩ ጠራ። ልጁ ድምፁን ከፍ አድርጎ መሃላቸው አስቀመጠው።

«አባዬ፣ እንደምን ዋልክ? አንድ ነገር ልጠይቅህ። በግራ የምናስራትን ቋጠሮ ማን ነው ያስተማረህ?»

«የቱን?» አለ ሻካራ ድምፅ። «የጥርሷን? ለዚህ ነው የደወልከው? ጎንደሬው ነዋ!»

የፀደይ እጅ በአመሉ እጅ ውስጥ ዘለለ።

«አያቴ መባ አይደለም እንዴ?»

«አባቴማ የቡልጋ ሰው ነው፤ በሁለት እጁ አስሮ ሦስተኛ ሲፈልግ የሚኖር! ጎንደሬው ከእኛ ጋር የሚኖር ጎረምሳ ነበር። ከአባቴ ጋር ጥጥ ይለቅሙ ነበር፤ ቤት አልነበረውም፣ እኛ ዘንድ ነው የሚያድረው። አባቴ እንደ ወንድሙ ነበር የሚያየው። እሱም እኔን ትከሻው ላይ አድርጎኝ ይዞር ነበር። ፍየላችንን ሲያስር አይቼ፣ አስተምረኝ ብዬ አለቀስኩበት። አያልነህ ነበር ስሙ።»

«ድገመው» አለች አመሉ።

«ማን ልበል?»

«የፀደይ አያት ነኝ። ስሙን ድገመው።»

«አያልነህ ነው እማማ። ሰላም ነዎት?»

«የማን ልጅ?»

«የአባቱን ስም አላስታውስም፤ ልጅ ነበርኩ። አባቱ ባለ አንድ እጅ ነው ይል ነበር። አገሩ ውሃ የሚተኛበት ነው፤ ከብቱ ቡራቡሬ ነው ይል ነበር። ሕዝቅኤል ወረታ ተመደበ ሲሉኝ እሱን አስቤው ነበር፤ ግን ጎንደር ስንት ሰው አለ ብዬ ተውኩት። ምነው፣ ያውቁታል?»

«ስለ እህቱ የተናገረው አለ?»

ስልኩ ውስጥ ያለው ሰው አመነታ። «ይቅርብዎ እማማ።»

«ተናገር!»

«አንዲት እህት አለችኝ፣ አፏ እሾህ ነው፤ ግን ቋጠሮ ላይ እኔን ታስንቃለች፤ እኔ ያሰርኩትን ማታ ማታ እየዞረች የምታጠብቀው እሷ ናት ይል ነበር። እኔም ሳስር ላላ ካለብኝ፣ ይህን አመሉ ብታየው ጉድህ ነው ይለኝ ነበር።»

አመሉ ዐይኗን ጨፈነች። ፀደይ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። ልጁ ወደ ሜዳው ዞሮ፣ ሰው እንዳያየው ይመስላል፣ ጥጃዋን ሲያይ ቆየ።

ግን አመሉ አመሉ ናት። ነገር በግማሽ አትተውም። «እንግዲያ መባ ቡልጌ ነው። መባ ማን?»

አለምነህ ቆጠረ። አንድም ሳይደናቀፍ፣ ከቡልጋ ሰው ወደ ቡልጋ ሰው፣ በአባትም በእናትም፣ ሰባት ቤት ወጣ። ከፎገራ የሚነካ አንድ ስም የለም። አመሉ ከኋላው እየተከተለች በከንፈሯ ትደግማለች፤ ነገ ማንም ቢጠይቃት ከእሱ እኩል ትቆጥረዋለች።

«ይህን ሁሉ ይዘህ ለልጅህ ለምን አልነገርከውም?»

«አልጠየቀኝማ!»

«አስተማሪ!» አለችው ሕዝቅኤልን። «የዓለሙን ሁሉ ዘር ታውቃለህ፤ የገዛ አባትህን ግን አንድ ቀን አልጠየቅህም።» ከዚያ ራሱን ሳበችና ግንባሩን ሳመችው። «ባዳ ነህ። ይባረክ። ባዳ ነህ።» ፀደይ እያለቀሰች ሳቀች፤ እንዲህ ያለ ምርቃት ሰምታ አታውቅም። አመሉ የልጁን ጆሮ እንደገና አየችው። የማንም ጆሮ ነው። የራሱ ጆሮ ነው። ደግሞም ደህና ጆሮ ነው።

ስልኩ ውስጥ አለምነህ ነገሩ ገባው መሰል፣ ድምፁ ተለወጠ፤ ወፍራሙ ቀጠነ። «እማማ… አመሉ እርስዎ ነዎት? ያቺ እህቱ?»

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲያ ያልሰሙት ነገር አለ። አያልነህማ፣ በዚያው በሁለተኛው ዓመት፣ ዝናቡ እንዳባራ፣ ወባ…»

«ዝም በል!» አለች አመሉ።

አመሉ ስልኩን አንሥታ ወደ አፏ አስጠጋችው።

«አንዲት ቃል እንዳትጨምር። ወንድሜን በዚች ዕቃ ውስጥ አትነግረኝም። አባትህ አኑሮታል፣ አብልቶታል፤ አንተ ትከሻው ላይ ኖረሃል፤ ልጄ ነህ፣ ስለዚህ እንደ ልጄ አዝሃለሁ። ሰርጉ ጥር ነው። አንተ ለሰርጉ አይደለም የምትመጣው፤ ከዚያ በፊት ትመጣለህ። ወረታ ስትደርስ ከተማ ታድራለህ፤ እኔ ዘንድ እራት አትበላም። እኔ አያ እንግዳውንም፣ ቄሱንም፣ አገሩንም ጠርቼ እጠብቅሃለሁ፤ እናቴ ባትኖር መቃብሯ አለ። ጎሕ ሲቀድ ደጄ ላይ ትቆማለህ፣ ራስህን ትከናነባለህ፣ ዐይኔን እያየህ በገዛ አፍህ ወንድሜን ትነግረኛለህ፤ እንዴት እንደ ታመመ፣ ማን ውሃ እንዳቀመሰው፣ የት እንዳስቀመጣችሁት። አንዲቱንም አታስቀርም። መጀመሪያ መርዶዬን አምጣልኝ አለምነህ። ከዚያ ወዲያ ልጅሽን ስጪኝ በለኝ።»